ከአልጋ የወረደ ንጉሥ የት ይቀመጣል?

ከወረታ ተነስቶ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላው እየተወ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ፣ የጉና ብርድ ፊቱን ሲመታው ወደ አንድ የመንግሥት መናገሻ እየገባ መሆኑን የሚነግረው ምልክት ብዙ አያገኝም። ጎንደር ግንቦቿን ከሩቅ ታሳያለች። ደብረ ታቦር ግን የምታሳየው ተራራዋን፣ ባሕር ዛፏንና አብያተ ክርስቲያናቷን ነው። ከተማይቱን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ቅር ብሎኝ ነበር። «ሀገር ያንቀጠቀጡት ራሶች ያን ሁሉ ዘመን እዚህ ተቀምጠው አንድ ግንብ እንኳ አልተዉም?» ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ግንብ አለመኖሩ ራሱ አንድ ታሪክ ሆኖ ታየኝ። ከተማይቱን የቆረቆሩት ሰዎች ንጉሦች አልነበሩም፤ ንጉሥ አንጋሾችና ንጉሥ አውራጆች እንጂ። ግንቡና ዘውዱ ለጎንደር ተትቶ፣ ሥልጣኑና ነጋሪቱ ደብረ ታቦር ነበር።

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ስለሚነግሡ ሰዎች ብዙ ይነግሩናል፤ ስለ አነጋገሣቸው፣ ስለ ዘመቻቸው፣ ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያን። ከአልጋው ስለ ወረደው ሰው ግን አንድ መስመር ጽፈው ያልፋሉ፤ «እገሌ ተሻረ፣ በምትኩ እገሌ ነገሠ» ይሉና ፊታቸውን ወደ አዲሱ ያዞራሉ። እኔን ደግሞ ዘወትር የሚያሳስበኝ ያኛው የተሻረው ነው። የተቀባ ሰው ቅባቱ አይታጠብለትም። ሹመት ይሻራል፤ ቅባት ግን በምን ይሻራል? እንዲህ ያለውን ሰው የት ያስቀምጡታል? ማን ያበላዋል? ከሁሉም በላይ፣ አዲሱ ንጉሥ አሮጌው ንጉሥ በሕይወት መኖሩን እያወቀ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተሻለ ምስክር የለም። እኒህ ሰው መጀመሪያ የነገሡት በ1771 ዓ.ም. ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ከአልጋ የወረዱት ደግሞ በ1792 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ 21 ዓመታት መካከል ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ተሽረዋል። ሕዝቡ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ስም ያወጣላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእርሳቸው ወዲህ የነገሡት ንጉሥ ይባሉ እንጂ ንጉሥ አልነበሩም ለማለት ነው። በእርሳቸው ሽረትና ሹመት መካከል ሌሎች ወጡ፣ ወረዱ፤ ሕዝቅያስ፣ በእደ ማርያም፣ ሰሎሞን፣ ዮናስ፣ ድሜጥሮስ። የ18ኛው መቶ ዓመት ሲያልቅ «ዐፄ» የተባሉ ሦስት አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። አንዱ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ የቀሩት በየደብሩና በየመኳንንቱ ጥግ ተራቸውን ይጠብቃሉ። አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። በዚያ ዘመን ንጉሡ አይከሰስም ነበር፤ ክስ ሳያስፈልግ ይሻራልና።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ተሽረው አልተገደሉም፤ ከመጨረሻው ሽረት በኋላም ብዙ ዓመት ኖረዋል። ይህን የመሳፍንቱ ርኅራኄ አድርጎ የሚያይ አለ። እኔ ግን አይመስለኝም። ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስና እናነጻጽር። ታላቁ አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1698 ዓ.ም. በሐዘን ላይ ሳሉ መኳንንቱ ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን ጎንደር ላይ አነገሡባቸው፤ እርሳቸው ወደ ጣና ደሴት ገለል እንዳሉ በ1699 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነፍሰ ገዳይ ተላከባቸው። ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ታነቁ። በምትካቸው የነገሡት ሽማግሌው ዮሐንስም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ፤ ተመረዙ ይባላል። እነዚህ ሁሉ የተገደሉት ስለሚፈሩ ነው። ኢያሱን ከደሴቱ የሚያወጣቸው ሠራዊት ነበር፤ ኢዮአስ ሚካኤልን የሚያስወግዱበት መንገድ ይፈልጉ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ግን ሲሻሩ ሠራዊታቸው የራሶቹ ነበር፤ ሲመለሱም የራሶቹ ነበር። የማይፈራን ሰው ማን ይገድላል? እንዲያውም ይቀመጥ፣ ነገ ይጠቅም ይሆናል። የተሻሩ ነገሥታት በሕይወት መብዛታቸው የዘመኑን ገርነት ሳይሆን ዘውዱ ምን ያህል ቀልሎ እንደ ነበር የሚለካ ሚዛን ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ከአልጋ የወረደ ንጉሥ እንዴት እንደሚያስፈራ ለማየት ከደብረ ታቦር ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ መሄድ ያስፈልጋል። ታሪኩም በዚያው በበጌምድርና በጣና ዙሪያ ነው የሚዞረው።

ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ1590 ዓ.ም. ሲሞቱ መኳንንቱ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ያዕቆብን አነገሡ። ዐዋቂው የወንድም ልጅ ዘድንግል እያለ ሕፃኑ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሕፃን ስም መግዛት ይቀላል። የበጌምድሩ ራስ አትናቴዎስና ንግሥቲቱ ማርያም ሥና ስድስት ዓመት ገዙ። ልጁ ግን አደገ። ልጅ ማደጉ እንደማይቀር አንጋሾች ሁልጊዜ የሚረሱት ነገር ነው። ያዕቆብ አትናቴዎስን ሽሮ ዘሥላሴ የተባለውን ሰው ራስ ብሎ ሾመ፤ ዘሥላሴ ደግሞ የሾመውን ንጉሥ መልሶ በ1596 ዓ.ም. ሻረውና ወደ ሩቁ እናርያ አጋዘው። ዘድንግል ነገሠ። እርሱም ከኢየሱሳዊው ካህን ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር ተወዳጅቶ ወደ ሮም ሃይማኖት ቢያዘነብል፣ ያው ዘሥላሴ ጦር አንስቶ በጥቅምት 1597 ዓ.ም. ባርጫ ላይ ገደለው።

አሁን አልጋው ባዶ ነው። ከወዲህ ከኦሮሞዎች ጋር በስደት ያደገው ጦረኛው ሱስንዮስ «ንጉሥ ነኝ» ብሎ ተነሳ። ከወዲያ ደግሞ የተጋዘው ያዕቆብ ከእናርያ ተመለሰ። አንዱ አዲስ ንጉሥ፣ አንዱ የተሻረ ንጉሥ፤ ሁለቱም የነገሥታት ዘር ናቸው፣ ሁለቱም ደጋፊ አላቸው። ያዕቆብ «የአባትህን ርስት ልስጥህና ታረቀኝ» ብሎ ላከበት፤ ሱስንዮስ እምቢ አለ። የዘሥላሴ ነገር ደግሞ ያስቃል፤ ያን የሻረውን ያዕቆብን ተመልሶ ደገፈ፣ ከዚያ ከጎል ጦርነት በፊት ደግሞ ወደ ሱስንዮስ ዞረ። በመጋቢት 1599 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ጎል በተባለው ስፍራ ያዕቆብ ተሸነፈ፤ እርሱም ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ወደቁ። ያዕቆብ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለዚህ ጽሑፍ ባላስፈለገኝም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሰሜን፣ ደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ አንድ ሰው ተነሳና «ያዕቆብ እኔ ነኝ፤ ጎል ላይ አልሞትኩም» አለ። ፊቱን በጨርቅ ይሸፍናል። ለምን? በጦርነቱ ፊቴ ላይ ክፉ ቁስል ደርሶብኛል፣ መልኬ ተበላሽቷልና ሰው እንዲያየኝ አልፈቅድም ይላል። ብልሃቱን አስቡት! ያዕቆብን በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ የሚያየው ጨርቅ ነው። ብዙ ሕዝብ ተከተለው። የሱስንዮስ ወንድም ስዕለ ክርስቶስ ደጋግሞ ወጋው፣ ደጋግሞ ቢያሸንፈውም ሰውየው እያመለጠ ተራራ ለተራራ ዞረ። ሱስንዮስ በመጋቢት 1600 ዓ.ም. አክሱም ድረስ ሄዶ ዘውድ የጫነበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ይህ ፊቱን የተሸፈነ ሰው አንዱ ይመስለኛል። በመጨረሻ የገዛ ወገኖቹ ገደሉትና ራሱን ለሱስንዮስ ላኩለት። ጨርቁ ሲነሳ ፊቱ ላይ የቁስል ምልክት አልተገኘም።

እንግዲህ የሚያስደንቀው፣ በእነዚያው ዓመታት በሩሲያም ቁርጥ ይህንኑ የመሰለ ነገር ይደረግ ነበር። የአስፈሪው ኢቫን ልጅ ድሜጥሮስ በልጅነቱ ሞቷል፤ ይሁንና «ድሜጥሮስ እኔ ነኝ» ያለ አንድ ሰው ጦር ይዞ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1605 ሞስኮ ገብቶ ነገሠ። በዓመቱ ተገደለ። ወዲያው ሁለተኛ ሰው ተነሳና «አልሞትኩም፣ አመለጥኩ» አለ። ዓመተ ምሕረቱን ከእኛ ጋር ብታስተያዩት የጎል ጦርነትና ሁለተኛው ሐሰተኛ ድሜጥሮስ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1607 ላይ ይገጥማሉ። ሞስኮና ደብረ ቢዘን መልእክት አልተላላኩም። ግን ሁለቱም ሕዝብ አንድ ነገር ያምናል፤ እውነተኛው ንጉሥ የተቀባው ነው፤ የተቀባው ደግሞ በቀላሉ አይሞትም። ከዚያም 170 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ከአልጋ ወርደው የተገደሉትን የሣልሳዊ ጴጥሮስን ስም ይዞ ፑጋቾቭ የተባለ ኮሳክ የታላቋን ካተሪንን መንግሥት ሲያናውጥ ያው እምነት ነው የሠራው።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ።

የየጁ ራሶች ችግር ከሱስንዮስ የተለየ ነበር። ራስ ጉግሣ መርሶ ከተማይቱን ሲቆረቁሩና ከዚያ ተነስተው ሲገዙ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ይማምና ማርዬ፣ በመጨረሻም የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ ሲተኩ፣ ጉልበት አልቸገራቸውም። የቸገራቸው ዘር ነው። ከየጁ ኦሮሞ ባላባት ቤት የተነሱ ናቸው፤ የሰሎሞን ዘር ሳይሆኑ አልጋው ላይ ቢቀመጡ ሀገሩ ሁሉ ይነሳባቸዋል። ስለዚህ ንጉሥ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚገዛ ንጉሥ ሳይሆን የሚቀመጥ ንጉሥ። በዚያ ዘመን ጎንደርን ያዩ አውሮፓውያን የጻፉት የዐፄውን ድህነት ነው፤ የፋሲል ግንብ እየፈረሰ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከፍርስራሹ አንድ ጥግ ተጠግቶ።

የዚህን ሁሉ መደምደሚያ የምናየው በሣህለ ድንግልና በሣልሳዊ ዮሐንስ ነው። ሣህለ ድንግል በ1825 ዓ.ም. አካባቢ አልጋው ላይ ወጡ። ዮሐንስ ደግሞ የዚያ ስድስት ጊዜ የነገሡት የተክለ ጊዮርጊስ ልጅ ናቸው፤ መሻርና መመለስ ለእርሳቸው የአባት ርስት ነበር ማለት ይቻላል። የራስ ዓሊ እናት ወይዘሮ መነን ሊበን ዮሐንስን አገቡ። እንዲህ ያለች ሴት ባሏ ተራ ልዑል ሆኖ እንዲቀር አትፈቅድም። በ1832 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ሣህለ ድንግል ወረዱ፣ ዮሐንስ ነገሡ፣ መነንም እቴጌ ተባሉ። ብዙም ሳይቆይ ዮሐንስ ወርደው ሣህለ ድንግል ተመለሱ። ከዚያም እንደገና መውጣት መውረድ። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ሁለቱ ሰዎች አንዱ ለሌላው የተሻረ ንጉሥ፣ አንዱ ለሌላው ባላንጣ ሆነው ኖሩ። ግን እርስ በርሳቸው ጦር ተማዘዙ የሚል አላነበብኩም። ጦሩ የሌላ ሰው ነበር።

ባለ ጦሩም ቢሆን ተመችቶት አልኖረም። በ1834 ዓ.ም. የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃች ውቤ፣ ከግብጽ በቅርብ የመጡትን አቡነ ሰላማን ይዘው፣ ደብረ ታቦር ድረስ መጥተው ራስ ዓሊን ገጠሙ። ዮሐንስ ልባቸው ወደ ውቤ ያዘነበለ ነበር ይባላል፤ ሃይማኖቱም ፖለቲካውም ወደዚያ ይስባቸው ነበር። የውቤ ጠመንጃ አሸነፈ፣ ዓሊ ሸሹ። ውቤ ድል አደረግሁ ብለው በድንኳናቸው ግብር ሲያበሉ፣ የዓሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ከነልጃቸው ማረኳቸው። አሸናፊው ታሰረ፣ ተሸናፊው ተመለሰ። ይህ ጦርነት በሌላ መንገድ አልቆ ቢሆን፣ የዘመነ መሳፍንት ማብቂያ የምንለው ቀን 11 ዓመት ይቀድም ነበር ይሆናል።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1839 ዓ.ም. ከቋራ የተነሳው ካሣ ኃይሉ ከጣና በስተ ሰሜን ከእቴጌ መነን ጦር ጋር ገጠመ። እቴጌይቱ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ነበሩ፤ ቆስለው ተማረኩ። አብረዋቸው ባላቸው ዐፄ ዮሐንስም ተያዙ። ቋረኛው ጦረኛ ንጉሥ ማረከ ማለት ነው! በሌላ ዘመን ይህ ሀገር የሚያናውጥ ወሬ በሆነ ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ዓሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ለካሣ የደጃዝማችነት ማዕርግና በጣና ዙሪያ ያለውን ግዛት ሰጡ፤ የድርድሩ ዋጋ እቴጌይቱ እንጂ ንጉሡ አልነበሩም። በ1842 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋል፣ የፈረመለት ጎንደር ካሉት ከሁለቱ ነገሥታት አንዱ ሳይሆን ራስ ዓሊ ነው።

ካሣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ዓሊን አይሻል ላይ ድል አድርጎ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ፣ ሁለቱ የጎንደር ዐፄዎች ሥራ ፈቱ። ከዚያ በኋላ ስለ ዮሐንስ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ያ ቁጡ ንጉሥ ሽማግሌውን ዮሐንስን ሲያይ ሸማውን እስከ ወገቡ አውርዶ አሽከር በጌታው ፊት እንደሚቆም ይቆም ነበር ይባላል። ማርኮት የነበረውን ሰው! መኳንንትን በገደል የወረወረ ሰው ለዚህ ሽማግሌ ለምን እንዲህ ሆነ? አንዳንዶች ለዘሩ ክብር ነው ይላሉ። እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ቴዎድሮስ የፈሩትን ሰው እንዲህ አላከበሩም። ደብረ ታቦርንም የራሳቸው መናገሻ አድርገው፣ በአጠገቧ ጋፋት ላይ መድፍ አሠርተው፣ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ወደ መቅደላ ሲሄዱ ከተማይቱን በእሳት ትተዋት ሄዱ። ግንብ ያጣንባት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ደብረ ታቦር ንጉሥ የማንሳትና የመጣል ነገር ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገባችው በ1922 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በጌምድርን የሚገዙት ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ፤ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የትውልድ ሐረጋቸውም ወደ ከተማይቱ ቆርቋሪ ወደ ራስ ጉግሣ የሚመዘዝ። የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሽረው ዘውዲቱን ሲያነግሡ፣ ባልየው ቤተ መንግሥት እንዳይገቡ ተለይተው በጌምድር ተላኩ። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ፣ በኋላም ንጉሥ ሲሆኑ የጉግሣ ቅሬታ እየበሰለ ሄደ። በመጨረሻ ጦራቸውን አንቀሳቀሱ።

የሚገርመኝ ይህ ነው። የጥንቶቹ የደብረ ታቦር ራሶች ወደ ጦርነት ሲሄዱ በእጃቸው ንጉሥ ነበር። ጉግሣ ግን ንጉሥ አልነበራቸውም። ንግሥቲቱ የቀድሞ ሚስታቸው ናት፣ ግን አዲስ አበባ ናት፤ ማኅተሟም ከተፈሪ ጋር ነው፤ በስሟ የወጣው አዋጅ ጉግሣን ሽፍታ ይላቸዋል። የተሻረው ንጉሥ ልጅ ኢያሱ ደግሞ ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ በእስር ነው፤ በራስ ካሣ ጠባቂነት ፍቼ፣ በወርቅ ሰንሰለት ታስሯል እየተባለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ አውሮፕላን መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ የንግሥቲቱን አዋጅና የጳጳሱን ግዝት። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ጉግሣ ተገደሉ። በሁለተኛው ቀን ዘውዲቱ አረፉ።

ልጅ ኢያሱ ግን ገና ነበሩ። ኢያሱን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የሩሲያው ሣድሳዊ ኢቫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1740 በሁለት ወር ዕድሜው ነገሠ፤ በማግሥቱ ዓመት ኤልሳቤጥ ገለበጠችው። ስሙ ያለበት ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ልጁ በሰሜን በረሃ፣ ኋላም በሽሊሰልቡርግ ምሽግ ስሙ እንዳይጠራ ታሰረ። ለጠባቂዎቹ የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ሊያስፈታው የሚመጣ ቢኖር እስረኛውን ግደሉ። እ.ኤ.አ. በ1764 ሚሮቪች የተባለ መኮንን ሊያስፈታው ሲሞክር ጠባቂዎቹ ትእዛዙን ፈጸሙ። ኢቫን 23 ዓመቱ ነበር፤ ሚሮቪች የደረሰው ሬሳው ላይ ነው።

ኢያሱም የሚያስፈታቸው አላጡም። በግንቦት 1924 ዓ.ም. ከፍቼ አመለጡ፤ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ፣ ልጃቸውን ለኢያሱ የዳሩት፣ እጃቸው አለበት ተብለው ተፈርዶባቸው ሀብታቸው ተወረሰ። ኢያሱ ግን ብዙም ሳይርቁ ተይዘው ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። ከመጀመሪያው ሽረታቸው 16 ዓመት ሆኗል፤ አንድ ጠመንጃ የላቸውም፤ ሆኖም ሀገሩ ሁሉ ለአንድ ሰው ማምለጥ ተንቀጠቀጠ። ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ሲወጡና ሲወርዱ እንዲህ የደነገጠ አልነበረም። ዘውዱ እንደገና ከብዶ ነበርና። ጣሊያን መረብን ተሻግሮ እየገሰገሰ ሳለ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የኢያሱ ሞት ተሰማ። አሟሟታቸው ዛሬም ያከራክራል።

ያን ያህል የተጠነቀቁት ንጉሠ ነገሥትም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በተራቸው ከአልጋ ወረዱ። ደርግ መጀመሪያ ለሕክምና ውጭ ሀገር የነበሩትን አልጋ ወራሽ «ንጉሥ» ብሎ ሰየመ፤ ወራት ሳይቆይ ንግሥናውን ራሱን ሻረ። ሽማግሌው በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጣ፤ ከዚያ በአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ የዳግማዊ ኒኮላስ አፅም ከጫካ ጉድጓድ ተቆፍሮ ወጥቶ ነበር። ኒኮላስ በተገደሉበት ዕለት፣ ልክ በ80ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በሴንት ፒተርስበርግ ተቀበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መቃብራቸውን ሲያገኙ 25 ዓመት አልፎ ነበር። የልጅ ኢያሱ መቃብር ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያከራክራል።